ከ5 ዓመት በፊት የወጣችው ትንሽ ዕጢ ትመለስ ይሆን?

ጥያቄ፦ «ሴት ነኝ፤ 49 ዓመቴ ነው። የምኖረው የካ አባዶ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደም ሳይ ኪንታሮት መስሎኝ ሄድኩ፤ ኮሎኖስኮፒ፣ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት የሚያይ ካሜራ፣ ተደረገልኝ። ከፊንጢጣ ጥቂት ከፍ ብሎ ትንሽ ፖሊፕ፣ ከአንጀት ግድግዳ የበቀለ እብጠት፣ አለ ተባለና እዚያው በሽቦ ተቆርጦ ወጣ። ወረቀቱ ‹ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ፣ 7 ሚሊ ሜትር፣ ግሬድ 1፣ ጠርዙን መለየት አልተቻለም› ይላል። ‹ወጥቷል፣ አለቀ› ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ክትትል የለኝም። በቅርቡ ይህ ዕጢ ከ10 ዓመት በኋላም ጉበት ላይ ይመጣል ሲባል ሰማሁ። ክሮሞግራኒን የሚባል የደም ምርመራ አሠራሁ፤ ከፍ ብሎ መጣ። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። ፊቴንም እሳት እሳት ይለኛል። ጎረቤቶቼ ‹ብረት የነካው ካንሰር ይበተናል፤ ባትነኪው ይሻልሽ ነበር› ይሉኛል። አንድ ሐኪም ደግሞ በየ3 ወሩ የሙሉ ሰውነት ሲቲ ስካን ተነሺ አለኝ። አገርሽቶብኝ ይሆን? ይሄ የአንጀቴ ክፍል መውጣት አለበት? ለልጆቼስ ይተላለፋል?»

ምላሽ፦ የደም ምርመራው ከፍ ማለቱ ዕጢው ማገርሸቱን አያሳይም። ሬክተምዎ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ አሁን ባለው መረጃ መውጣት የለበትም። ግን «አለቀ» መባልዎም ልክ አልነበረም። ከጻፉት ሁሉ እኔን ያስቆመኝ አንድ ሐረግ ነው፤ «ጠርዙን መለየት አልተቻለም» የሚለው። የእርስዎ ጉዳይ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ዕጢው ምን እንደሆነ ልንገርዎ። በአንጀታችን ግድግዳ ውስጥ ሆርሞን የሚያመነጩ ሴሎች ተበታትነው ይኖራሉ። ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ የሚነሳው ከእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦበርንዶርፈር የተባለ ጀርመናዊ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም፣ ካንሰር መሰል ለማለት «ካርሲኖይድ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ዛሬም አንዳንድ ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ሰውንም ያዘናጋል። ዕጢው ቀስ ብሎ ያድጋል እንጂ የማይሰራጭ አይደለም። ደግሞም ከተለመደው የአንጀት ካንሰር ጋር አንድ አይደለም። በዚያ ፍጥነት አይሄድም። ስለዚህ ሰው ስለ አንጀት ካንሰር የሚያወራውን ሁሉ ለራስዎ አይውሰዱት።

አሁን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ያስቡ። ከላይ ቀለም አለ። ከቀለሙ ስር ልስን አለ። ከልስኑ ስር ብሎኬት። የሬክተም ግድግዳም እንደዚያው ንብርብር ነው። ተራ ፖሊፕ የሚበቅለው ቀለሙ ላይ ነው። ሽቦው ከስሩ ገብቶ ሲያንቀው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ይነሳል። ይህ ዕጢ ግን የሚቀመጠው ልስኑ ውስጥ ነው። በካሜራ ሲታይ ለስላሳ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ሽምብራ የምታህል እብጠት ነው። ላዩ ጤነኛ ይመስላል። ሲገፉት ጠጠር ይላል። ተራ ፖሊፕ ነው ብሎ በተራ ሽቦ የቆረጠው ሐኪም ቀለሙንና የልስኑን ግማሽ ይዞ ይወጣል። የዕጢው እግር ታች ሊቀር ይችላል። ቀድሞ ከተጠረጠረ የሚመረጠው ሌላ ዘዴ ነው። ወይ በጎማ ቀለበት ወደ ላይ ስቦ መቁረጥ፣ ወይ ከስሩ ፈልፍሎ በአንድ ቁራጭ ማውጣት፣ ወይም በፊንጢጣ በኩል ገብቶ በቀዶ ጥገና ከነሙሉ ግድግዳው ማንሳት።

«ጠርዙን መለየት አልተቻለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሽቦው በኤሌክትሪክ ስለሚግል የቁራጩን ታችኛ ዳር ያቃጥለዋል። የተቃጠለ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይነበብም። ሁለተኛው፣ ዕጢው ተቆራርጦ ወጥቷል፤ የቱ ዳር የቱ መሃል እንደሆነ አይታወቅም። ሐረጉ «ቀርቷል» ማለት አይደለም። እንዲህ ከተባሉት ብዙዎቹ ቦታው ድጋሚ ሲቆረጥ ምንም አይገኝባቸውም፤ የተረፈውን ሙቀቱ ሳይፈጀው አይቀርም። ግን «ወጥቷል» ማለትም አይደለም። «አናውቅም» ማለት ነው። ያላወቁትን ደግሞ አለቀ አይሉትም።

ጎረቤቶችዎ ስለ ብረት የሚሉት በየሰፈሩ የሚባል ነው። ብዙ ሰው በዚህ ፈርቶ ቤቱ ቀርቶ ሞቷል። መቁረጡ ዕጢን አይበትንም። ሰዉ እንዲህ የሚያስበው ለምን እንደሆነ ግን ይገባኛል። ሰው ይቆረጣል፣ ደህና ይሆናል፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ቦታ ይወጣበታል። ስለዚህ ቢላዋው ነው ይባላል። የሚሆነው ሌላ ነው። ዕጢው ከመቆረጡ በፊት ጥቂት ሴሎች ወደ ንፍፊት ወይም ወደ ጉበት ሄደው ከሆነ እዚያ ተኝተው ይቆያሉ። እጅግ ቀስ ብለው ስለሚባዙ በምስል እስኪታዩ 5፣ 8፣ አንዳንዴ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል። የሰሙት ነገር ስለዚህ ውሸት አይደለም። ከ10 ዓመት በኋላ ጉበት ላይ የታየባቸው ሕመምተኞች አሉ። ብዙውን ጊዜ «ተመለሰ» ከማለት «ድሮም ነበረ፣ አሁን ታየ» ማለት ይቀርባል። የመቁረጡ ጥፋት ሲበዛ ሳይሆን ሲያንስ ነው፤ ግማሹን ቆርጦ መተው።

ምን ያህል ሰው ላይ ይሆናል? ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆኑት ውስጥ የሚሰራጨው በጥቂቱ ነው፤ ከ100 ሰው በጣት የሚቆጠሩት ላይ። በ10 እና በ20 ሚሊ ሜትር መካከል ሲሆን ከ100 ወደ 10 እና 15 ይጠጋል። ከ20 ሚሊ ሜትር ካለፈ ከግማሽ በላይ ነው። እርስዎ ያሉት ዝቅተኛው ረድፍ ላይ ነው። መጠን ብቻውን ግን አይበቃም። ትንሽ ሆኖ የሚሰራጨው ብዙ ጊዜ ሌላ ምልክት አለው። ግሬድ 2 ሊሆን ይችላል፤ ኬአይ-67 የሚባለው የመራባት ቁጥር ከ3 በመቶ በታች ሲሆን ግሬድ 1፣ ከ3 እስከ 20 ሲሆን ግሬድ 2 ነው። ወይም ዕጢው ደም ስር ወይም የሊምፍ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ወይም ብሎኬቱን፣ ማለትም ጡንቻውን ነክቷል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ዕጢው ከ10 ሚሊ ሜትር ካነሰና ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ መደበኛ ክትትል እንኳ አያስፈልግም። የአውሮፓውም የአሜሪካውም መመሪያ በዚህ ይስማማል። እርስዎን ከዚያ ቡድን ያወጣዎት ጠርዙ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ እጅ፣ በአንድ ታካሚዬ ላይ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ከሰንዳፋ በኩል አንድ አባት መጡ። ወረቀታቸውን አራት ቦታ አጥፈው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውታል። እጥፋቱ ላይ ጽሑፉ ተፍቋል። መጠኑን አየሁ፤ 6 ሚሊ ሜትር። ግሬድ 1። «አባባ፣ አለቀ፤ ይሂዱ» አልኳቸው። እጥፋቱ ላይ ያለችውን የመጨረሻ መስመር ለማንበብ ወደ መስኮቱ አላስጠጋሁትም። ከ8 ዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሱ ጉበታቸው ላይ ነጠብጣብ ታየ። የድሮው ናሙና ተፈልጎ እንደገና ሲታይ ዕጢው ደም ስር ውስጥ ገብቶ ነበር። ኬአይ-67ም ከ3 ያለፈ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በወር አንድ ጊዜ ኦክትሪዮታይድ የሚባለውን መርፌ ይወጋሉ፤ እርሻቸውንም አልተዉም። ግን ያኔ ባነብ ኖሮ 8 ዓመት ያለ ክትትል አይቆዩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው።

ወደ ደም ምርመራዎ ልመለስ። ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ ብለዋል። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ሲያጠፋ ሰውነት ለማካካስ ጋስትሪን የሚባለውን ሆርሞን ይጨምራል። ጋስትሪን የጨጓራን ሴሎች ያነቃቃል። እነሱም ክሮሞግራኒን ይለቃሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የሚወጣው ከጨጓራዎ ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል። የቆየ የጨጓራ መቆጣትና የኩላሊት ድክመትም ያወጡታል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ስንት ሰው ኦሜፕራዞል እየዋጠ እንደሚውል ያውቁታል። በዚያ ላይ የሬክተም ዕጢ ምርመራው የሚለካውን ክሮሞግራኒን ኤ አብዛኛውን ጊዜ አያመነጭም። ስለዚህ ከፍ ቢል አያስፈራም፤ ዝቅ ቢልም አያረጋጋም። ለዚህ ዕጢ ክትትል አይሆንም። ገንዘብዎን አይጨርሱበት። የግድ ይደገም ከተባለ መድኃኒቱ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ይቆም፤ ያውም ከሚያክምዎ ሐኪም ጋር ተነጋግረው። የሚደማ ቁስል ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም።

የፊትዎ መንደድም ከዚህ ጋር አይያያዝም። ያ ምልክት የሚመጣው ሴሮቶኒን የሚባለውን ሆርሞን ከሚያመነጩ፣ በአብዛኛው ከትንሹ አንጀት ከሚነሱና ጉበት ከደረሱ ዕጢዎች ነው። የሬክተም ዕጢ ይህን ማድረጉ ብርቅ ነው። በ49 ዓመት ፊት የሚነድ ከሆነ መጀመሪያ የሚታሰበው የወር አበባ መቋረጥ ነው። የማህፀን ሐኪም ያማክሩ።

በየ3 ወሩ ሙሉ ሰውነት ሲቲ ስካን የሚለውን አልቀበለውም። ጠባሳው ውስጥ የተደበቀች ጥቂት ሚሊ ሜትር ዕጢ በሲቲ አትታይም። በዓመቱ የማያድግ ነገር በ3 ወር ልዩነት አይያዝም። ጨረሩ ግን ይጠራቀማል። ደግሞም ደጋግመው ሲያነሱ እዚህም እዚያም ትርጉም የሌላቸው ነጥቦች ይገኛሉ፤ እያንዳንዷ ነጥብ ደግሞ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ የእንቅልፍ እጦት ታመጣለች።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህን ነው። ከሁሉ በፊት ናሙናውን ያስፈልጉ። ዕጢው ሲወጣ በሰም ተደርጎ «ብሎክ» ተሠርቷል። ሰሙ ውስጥ ያለው ሥጋ ለዓመታት አይበላሽም። ብዙ ላብራቶሪ ያስቀምጠዋል፤ ግን ለዘላለም አይደለምና አይዘግዩ። ወረቀትዎ ላይ ያለውን የናሙና ቁጥር ይዘው ወደ ሠራው ላብራቶሪ ይሂዱና ብሎኩንና የመስታወት ስላይዱን ይጠይቁ። ከዚያ የኬአይ-67 ምርመራ መሥራት የሚችል ሌላ ፓቶሎጂስት ዘንድ ይውሰዱት። የሚጠይቁት አራት ነገር ነው። ታችኛው ጠርዝ እንዴት ነው? ደም ስር ወይም ሊምፍ ቱቦ ውስጥ ገብቷል? ኬአይ-67 ስንት ነው? ጡንቻው ታይቷል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የኬአይ-67 ምርመራ ሳይሠራ ግሬድ 1 ከተጻፈ ግምት ነው።

ቀጥሎ ኮሎኖስኮፒ ይድገሙ። በጥቅሉም 5 ዓመት ሞልቶታል። ለሚያየው ሐኪም ገና ከመተኛትዎ በፊት «የማስፈትሸው የድሮ የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ጠባሳ ነው» ይበሉት። ካልነገሩት ጠባሳውን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ከፊንጢጣ በስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ይለካ፤ ፎቶ ይነሳ። በጣትም ይዳሰስ። ከእነዚህ ዕጢዎች ብዙዎቹ ጣት የሚደርስበት ቦታ ላይ ናቸው፤ ጠጠር የሚል ነገር ካለ ጣት ያገኘዋል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ከጠባሳው ላይ ትንሽ ተቆንጥሮ «ንጹሕ ነው» ቢባል አያረጋጋዎት። የተቆነጠረው አዲሱ ቀለም ነው። የምንፈልገው ያለው ከስሩ፣ ልስኑ ውስጥ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ አንጀት ማጽጃው ልበል። ከአባዶ ወይም ከዚያ ወዲያ ለሚመጣ ሰው ፈተናው መንገዱ ነው። ማጽጃውን ጠጥቶ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አይቻልም። ሰው አፍሮ ማጽጃውን አጉድሎ ጠጥቶ ይመጣል፤ አንጀቱ ሳይጸዳ ምርመራው ከንቱ ይቀራል። ከተቻለ ዋዜማውን መሃል ከተማ ዘመድ ቤት ይደሩ።

ልስኑ ውስጥና ከስሩ ያለውን የሚያሳየው በአንጀት ውስጥ የሚገባ አልትራሳውንድ ነው። እሱን የሚሠራ ካላገኙ የዳሌ ኤምአርአይ ይነሱ። ኤምአርአይው ጠባሳውን ብቻ ሳይሆን በሬክተም ዙሪያ ያለው ስብ ውስጥ የተደበቁ ንፍፊቶችንም ያሳያል። ለጉበት አንድ ጊዜ ሲቲ ይበቃል፤ ግን በትዕዛዙ ላይ «ባለ ሦስት ዙር፣ የደም ቅዳ ዙር ያለው» ተብሎ ይጻፍ። እነዚህ ዕጢዎች ደማቸውን ከደም ቅዳ ስለሚጠጡ የሚያበሩት ለምስሉ የሚሰጠው ማቅለሚያ መድኃኒት በተወጋ በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ነው። ያ ዙር ካመለጠ ጉበት ውስጥ ተመሳስለው ይጠፋሉ። ጋሊየም 68 ዶታቴት የሚባል ፔት ስካን አለ። ለዚህ ዕጢ ከሁሉ የተሻለው ምስል እሱ ነው። ግን አሁን ለእርስዎ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥርጣሬ ሲገኝ ነው። ቤትዎን ሽጠው ወደ ውጭ አገር አይሂዱ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ጠባሳው ላይ ወይም ከስሩ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ቦታው ይነሳ። ዝቅ ብሎ ስላለ በፊንጢጣ በኩል ገብቶ ከነሙሉ ግድግዳው፣ እስከ ስቡ፣ በአንድ ቁራጭ ማውጣት ይቻላል። ሆድ አይከፈትም፤ ሰገራም በከረጢት አይሆንም። ይህን አዘውትሮ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ይፈልጉ። በተራ ሽቦ እንደገና እንቁረጠው የሚል ካለ እምቢ ይበሉ። ጠባሳው ተጣብቋል፤ ሽቦው ዳግም ግማሹን ነው የሚያመጣው። ንፍፊት አብጦ ከታየ፣ ወይም የናሙናው ድጋሚ ንባብ ወደ ደም ስር ገብቷል ወይም ጡንቻ ነክቷል ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሬክተምን ስለሚያወጣው ትልቁ ቀዶ ጥገና ማውራት ይገባል። ያንን አንድ ሐኪም ብቻውን አይወስን፤ ቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰር ሐኪሙና ፓቶሎጂስቱ ተቀምጠው ይምከሩበት። ጉበት ላይ ቢገኝ እንኳ ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም። ሊቆረጥ የሚችል ካለ ይቆረጣል። ካልሆነም ለዓመታት የሚይዝ መድኃኒት አለ።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ እኔም የምጠብቀው ይህንን ነው፣ ከፊትዎ ሁለት አማራጭ አለ። ጠባሳውን ለእርግጠኝነት ማስነሳት፣ ወይም መከታተል። ዕጢው የወጣልዎ አሁን ቢሆን ኖሮ ጠባሳውን ያስነሱት እል ነበር። 5 ዓመት ምንም ሳያሳይ ካለፈ ግን የእኔ ምክር መከታተል ነው። ጠባሳው በዓመቱ በካሜራና ከተቻለ በአንጀት አልትራሳውንድ ይታይ። ለዚህ ሙሉ ኮሎኖስኮፒ አያስፈልግም። አጭሩ ካሜራና አንድ ኢኒማ፣ በፊንጢጣ የሚገባ ማጽጃ፣ ይበቃል። በዚያም ንጹሕ ከሆነ በየ2 ዓመቱ ይሁን። ዕጢው ከወጣበት 10 ዓመት እስኪሞላ፣ ማለትም እስከ 2023 ዓ.ም. ይቀጥል። በመሃል በየ2 ዓመቱ የጉበት አልትራሳውንድ ቢጨምሩ አልቃወምም።

እስከዚያ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ዳግም ደም ቢያዩ «ያው ኪንታሮቴ ነው» ብለው በየአጥሩ ማስታወቂያ ለጥፎ «ኪንታሮትን ያለ ቀዶ ጥገና እናድናለን» ወደሚል ሰው አይሂዱ። የሚቀቡት ነገር ሥጋን ያቃጥላል። ፊንጢጣቸው ከመጥበቡ የተነሳ ካሜራ ቀርቶ ጣት የማያስገባ ሆነው የመጡ ሰዎች አክሜያለሁ። ያኔ የድሮውን ጠባሳ ማግኘትም አይቻልም። ሌላው፣ ጸበልዎን አይተዉ፤ ግን ቀጠሮዎም አይለፍ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለልጆችዎ አይተላለፍም። የቤተሰብ በሽታ ሆኖ የሚመጣ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ አለ፤ እሱ ግን በአብዛኛው ቆሽትንና ሌሎች ዕጢዎችን የሚይዝ ነው። ለብቻዋ የተገኘች ትንሽ የሬክተም ዕጢ ልጆችን ለምርመራ አታስሮጥም። ነገ የሚያስሮጥዎት ብሎኩ ነው። የናሙና ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በፓቶሎጂ ወረቀትዎ አናት ላይ፣ ከስምዎ አጠገብ ነው ያለው። ከመውጣትዎ በፊት ወረቀቱን በሞባይልዎ ፎቶ ያንሱት።